ዴሞክራት፣ ሪፐብሊካን ወይስ ነፃ? በአሜሪካ የመራጭ ቅጽ ላይ የቱን ብንሞላ ይሻላል

የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸመ ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ የመራጭ ምዝገባ ቅጽ የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ይጠብቁታል። ስም ይሞላል፣ አድራሻ ይሞላል፣ የትውልድ ቀን ይሞላል። ከዚያ በአንዳንድ ግዛቶች አንድ ጥያቄ ይመጣል። ፓርቲዎ የትኛው ነው? ዴሞክራት፣ ሪፐብሊካን፣ ሌላ ወይስ ምንም?

ብዙ ሐበሻ እዚህ ሲደርስ እጁ ይቆማል። አይፈረድበትም። ባደግንበት አገር ፓርቲ መግባት ማለት መታወቂያ ማውጣት፣ መዋጮ መክፈል፣ ስብሰባ መቀመጥ፣ አንዳንዴም እንጀራን ከፓርቲ ጋር ማሰር ነበር። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ «ምንም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ መገላገል ይቀላል። ደስም ይላል። የማንም አይደለሁም፣ ሰውየውን አይቼ ነው የምመርጠው ማለት ያኮራል።

እኔም የሁለቱም ፓርቲ ደጋፊ አይደለሁም። ይህን የምጽፈው ግን አንድ ነገር ስለሚቆጨኝ ነው። በሐሳብ ነፃ መሆንና በቅጽ ላይ ነፃ መሆን ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው የትም ብንኖር የራሳችን ነው፤ ማንም አይወስድብንም። ሁለተኛው ግን እንደ ግዛቱ ይለያያል። አንዱ ጋ ምንም አያጎድልብንም። ሌላው ጋ ዋናውን ምርጫ ያሳጣናል። ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ በገዛ እጃቸው ከውሳኔው ውጭ ሲሆኑ ያሳዝነኛል።

በቅድሚያ፣ ነፃ የሚባለው ማነው?

ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት በ2024 ባሰባሰበው መረጃ፣ 43 በመቶ ያህሉ አሜሪካዊ ራሱን «ኢንዲፔንደንት» ብሎ ጠርቷል። ዴሞክራት ነኝ ያለው 28 በመቶ ገደማ ነው፣ ሪፐብሊካን ነኝ ያለውም እንደዚያው። በቁጥር ብቻ ካየነው ትልቁ ፓርቲ ፓርቲ የሌለው ሕዝብ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን እነዚህን ሰዎች «ወደ የትኛው ታዘነብላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው አብዛኞቹ ወደ አንዱ ያዘነብላሉ። ድምፃቸውንም በአብዛኛው ለዚያው ወገን ነው የሚሰጡት። ከሁለቱም ወደ የትኛውም አላዘነብልም የሚለው ከመቶ አሥር ገደማ ነው። ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ። ላለፉት ሦስትና አራት ምርጫዎች ያለማቋረጥ አንዱን ፓርቲ መርጣችሁ ከሆነ፣ ነፃነታችሁ በስም ነው። ነውር የለውም። ግን ቅጹን ስትሞሉ ይህን ማወቁ ይጠቅማል።

ሁለት ፓርቲ ብቻ ለምን ነገሠ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ዋናው ምክንያት የምርጫው ሕግ ነው። በአንድ ወረዳ አንድ ወንበር አለ፣ አንደኛ የወጣው ይወስደዋል፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣው ባዶ እጁን ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሕግ ሰው ድምፁ እንዳይባክን ስለሚሰጋ ወደ ሁለቱ ትልልቆች ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን የፓርቲ አባል አልነበረም፤ በ1796 ባወጣው የስንብት መልእክትም የፓርቲ ክፍፍል አገር ይጎዳል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ከእሱ በኋላ ያለ ፓርቲ ተመርጦ ዋይት ሐውስ የገባ የለም።

ምርጫው ሁለት ጊዜ ነው

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በአሜሪካ ለአንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ይመረጣል። በመጀመሪያ ፓርቲዎቹ እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ፕራይመሪ አለ፤ እንደ ግዛቱ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ይካሄዳል። ቀጥሎ በኖቬምበር ጠቅላላው ምርጫ ይመጣል። ብዙዎቻችን የምናውቀው የኖቬምበሩን ነው። ቴሌቪዥኑም የሚጮኸው ለእሱ ነው።

ችግሩ ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞችና ካውንቲዎች (ከግዛት በታች ያሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) አብዛኞቹ የአንድ ፓርቲ ሠፈሮች መሆናቸው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ፕራይመሪውን ያሸነፈ በኖቬምበር ማሸነፉ አይቀርም። ትክክለኛው ፉክክር ፕራይመሪው ላይ ያልቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን የሚገኙበትን የሜሪላንዱን የሞንትጎመሪ ካውንቲ ውሰዱ። የካውንቲው ሥራ አስፈፃሚ የትምህርት ቤቱን፣ የፖሊሱን፣ የመንገዱንና የቤት ግብሩን በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ነው። በ2018 በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፈው በ77 ድምፅ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ልዩነቱ 77! ከአራት ዓመት በኋላ ሁለቱ ሰዎች እንደገና ተገናኙ። ድምፁ ተቆጥሮ፣ እንደገና ተቆጥሮ፣ ኤልሪች በ32 ድምፅ አሸነፈ። 32 ሰው አንድ የሠፈር ዕቁብ ውስጥ ይገኛል። በሁለቱም ዓመት የኖቬምበሩ ምርጫ በሰፊ ልዩነት ነው ያለቀው።

በ2018 የካውንቲው ምክር ቤት አባል የነበሩት ናንሲ ፍሎሪን ከዴሞክራት ፓርቲ ወጥተው በኖቬምበር በግል ተወዳድረው ነበር። የታወቁ ሰው ነበሩ፣ ገንዘብም ነበራቸው። ያገኙት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ድምፅ ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት ካውንቲ «በኖቬምበር ነፃውን እመርጣለሁ» ብሎ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከዚህ ይታያል።

ሦስት ጎረቤት፣ ሦስት ሕግ

ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በዲሲ አድርጎ ሬገን ኤርፖርት ሰው የሚያደርስ የታክሲ ሹፌር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ዓይነት የምርጫ ሕግ ያቋርጣል። እያንዳንዱን ለየብቻ እንየው።

*ሜሪላንድ።* ፕራይመሪው ዝግ ነው። ዴሞክራት ሆኖ የተመዘገበ በዴሞክራቶቹ፣ ሪፐብሊካን ሆኖ የተመዘገበ በሪፐብሊካኖቹ ይመርጣል። «አንአፊሊዬትድ» (ፓርቲ የለኝም) የሚለውን የመረጠ ሰው በፕራይመሪው ቀን ቢሄድ የሚሰጠው ወረቀት ላይ የትምህርት ቦርድ እጩዎች ብቻ ናቸው ያሉት፤ እነሱም በዚያ ዓመት ውድድር ካላቸው ነው። ሥራ አስፈፃሚው፣ የካውንቲው ምክር ቤት፣ ገዥው፣ ሴናተሩ የሉበትም። በ2024 ለሴኔት አንጄላ አልሶብሩክስና ዴቪድ ትሮን በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ሲፋለሙ ትሮን ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ አድርጓል። ማስታወቂያው ፓርቲ አለህ የለህም ሳይል በየቤቱ ገባ። ፓርቲ የሌለው ሰው ያን ሁሉ ማስታወቂያ አየና በመጨረሻ ድምፅ የለህም ተባለ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ሜሪላንድ ከሆናችሁ በአካባቢያችሁ ወሳኝ የሆነው ፓርቲ ውስጥ ተመዝገቡ። ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ያላችሁ ዴሞክራት፣ እንደ ጋሬት ባሉ የምዕራብ ካውንቲዎች ያላችሁ ሪፐብሊካን። ሐሳባችሁን ግን ለማንም አትስጡ።

«ያላመንኩበትን ስም እንዴት እይዛለሁ?» የሚል ሰው አለ። አከብረዋለሁ። ህሊናው ከከበደው አይመዝገብ። ነገር ግን ቅጹ ላይ በፓርቲው መርሕ አምናለሁ የሚል መሐላ የለም። የምትፈርሙት ዜጋ መሆናችሁን፣ አድራሻችሁና ዕድሜያችሁ ትክክል መሆኑን ነው። በኖቬምበርም የፈለጋችሁትን ትመርጣላችሁ። በሜሪላንድ ዴሞክራቶች ከሪፐብሊካኖች በምዝገባ ሁለት እጥፍ ያህል ናቸው፤ ሆኖም ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆገን በ2014ም በ2018ም ገዥ ሆነው ተመርጠዋል። የመረጧቸው ብዙዎቹ ቅጹ ላይ ዴሞክራት የሚል የተጻፈላቸው ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ቀን ተጠንቀቁ። በሜሪላንድ ፓርቲ መቀየር የሚቻለው ከፕራይመሪው 21 ቀን በፊት ድረስ ነው። አዲስ ተመዝጋቢ በምርጫው ቀንም መመዝገብ ይችላል። ነባሩ ግን በዚያ ቀን ፓርቲ ልቀይር ቢል አይሆንለትም።

*ዲሲ።* ዲሲም ዝግ ነው። ከተማው ከጥግ እስከ ጥግ ዴሞክራት ስለሆነ ከንቲባው የሚለየው በፕራይመሪው ነው። በኖቬምበር 2024 ሕዝቡ ኢኒሺዬቲቭ 83 የተባለውን ሐሳብ ከ70 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አጽድቆታል። ሐሳቡ ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በደረጃ መምረጥ፣ ሁለተኛው ፓርቲ የሌላቸው ሰዎች በፕራይመሪ እንዲገቡ መፍቀድ። የከተማው ምክር ቤት በ2025 በጀት የመደበው ግን ለመጀመሪያው ብቻ ነው። በሩን መክፈቱ ቀርቷል። ሕዝብ በዚያ ልዩነት ያጸደቀውን ነገር በበጀት ሰበብ ማስቀረት ትክክል አይመስለኝም፤ የዲሲ ነዋሪ የምክር ቤት አባሉን ደውሎ ሊጠይቅበት ይገባል።

ዲሲ ሌላ የሚገርም ነገር አለው። የከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ ከመላው ከተማ ከሚመረጡት የምክር ቤት ወንበሮች ሁለቱን የበላዩ ፓርቲ አባል ላልሆኑ ሰዎች አስቀምጧል። ሪፐብሊካን እዚያ ስለማያሸንፍ ወንበሮቹን የሚይዙት በግል የሚወዳደሩ ሰዎች ናቸው። ክርስቲና ሄንደርሰን በ2020 እንዲህ ገባች። ከ20 በላይ እጩ ስለነበረ 15 በመቶ ገደማ ድምፅ በቃት። ኬንያን ማክዳፊ ደግሞ በ2022 ከዴሞክራት ፓርቲ ወጥቶ በግል ተወዳድሮ አሸነፈ። እንግዲህ በዲሲ ነፃ መሆን ለተወዳዳሪ ያተርፋል፣ ለመራጭ ግን ያከስራል። መራጭ ከሆናችሁ ዴሞክራት ሆናችሁ ተመዝገቡ፣ ወንበሩን ካሰባችሁት ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው።

*ቨርጂኒያ።* እዚህ ጭንቀት የለም። ቅጹ ላይ የፓርቲ ጥያቄ ጭራሽ የለም። ሁሉም መራጭ በወረቀት ላይ እኩል ነው። በፕራይመሪ ቀን ሄዳችሁ የዴሞክራቶቹን ወይም የሪፐብሊካኖቹን ወረቀት ትጠይቃላችሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አይቻልም። ዘንድሮ አንዱን፣ በሚመጣው ዓመት ሌላውን መውሰድ ትችላላችሁ። በእውነት ነፃ ለሆነ ሰው ከሦስቱ የሚመቸው ቨርጂኒያ ነው።

ሁለት ነገር ግን እወቁ። አንደኛ፣ ፓርቲው ከፈለገ ፕራይመሪ ትቶ እጩውን በጉባኤ ሊመርጥ ይችላል። ሪፐብሊካኖች በ2021 ግሌን ያንግኪንን ለገዥነት ያጩት በጉባኤ ነበር፤ ለመሳተፍ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛ፣ ማንን እንደመረጣችሁ ምስጢር ቢሆንም የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደወሰዳችሁ ይመዘገባል። እጩዎች ያን መዝገብ ስለሚያገኙ ስልክና ፖስታ የሚልኩላችሁ በእሱ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ነፃ እጩ ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት ለሚፈልግ አርሊንግተንን አሳየዋለሁ። ካውንቲው ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው፣ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ጎዳና ላይ የከተማ ባቡር ሊዘረጋ አቅዶ ነበር። ወጪው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠር ነበር። አንዳንዱ ሠፈሩ ያድጋል አለ፣ አንዳንዱ ገንዘቡ ይባክናል፣ አውቶቡስ ይበቃናል አለ። በ2014 ጆን ቪስታት የተባለ ሰው ባቡሩን ተቃውሞ በግል ተወዳደረ። በሚያዝያ አካባቢ በተደረገ የማሟያ ምርጫ አሸነፈ፤ በኖቬምበር ደግሞ ለሙሉ የሥራ ዘመን ደገመ። ከ15 ዓመት ወዲህ ዴሞክራት ሳይሆን ለካውንቲው ቦርድ የተመረጠ የመጀመሪያው ሰው ነበር። ምርጫው ካለፈ ሳምንታት እንኳ ሳይቆይ ዴሞክራቶቹ ራሳቸው የባቡሩን ዕቅድ ሰረዙት። በ2018 ቪስታት ተሸንፎ ወጣ። ባቡሩ ግን ቀርቷል። አውቶቡስ ላይ ተሳፍራችሁ በዚያ መንገድ ስታልፉ ሐዲድ የማታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎቻችሁ የት ናችሁ?

ሚኒሶታ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ዋሽንግተን ስቴት ያላችሁ እንደ ቨርጂኒያ ናችሁ፤ በፓርቲ ምዝገባ የለም። በቴክሳስና በጆርጂያ ግን አንድ ማሰሪያ አለ። በፕራይመሪው ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ መለያ ምርጫ ይደረጋል፤ በመጀመሪያው ዙር የአንዱን ፓርቲ ወረቀት የወሰደ ሰው በመለያው ወደ ሌላው መዝለል አይችልም። በዋሽንግተን ስቴቷ ሲያትል የግዛቱና የከተማው ፕራይመሪ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከሁሉም እጩ ሁለቱ ያልፋሉ። የፕሬዚዳንቱ ፕራይመሪ ሲሆን ግን ፖስታው ላይ ፓርቲ ካላመለከታችሁ ድምፃችሁ አይቆጠርም።

ኮሎራዶ ለነፃ መራጭ ከሁሉም ይመቻል ባይ ነኝ። ከ2016ቱ የሕዝብ ውሳኔ በኋላ፣ ፓርቲ ለሌለው ሰው የሁለቱም ፓርቲ ወረቀት በፖስታ ቤቱ ድረስ ይመጣል። አንዱን ሞልቶ ይመልሳል። ሁለቱንም ሞልቶ ከመለሰ ሁለቱም ይሰረዛሉ። እዚያ ቅጹ ላይ ነፃ መሆን ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።

ኔቫዳ ተቃራኒው ነው። ላስ ቬጋስ ያላችሁ ልብ በሉ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታድሱ ምዝገባው በራሱ ይከናወናል፤ ፓርቲ ካልመረጣችሁ «ነንፓርቲዛን» ተብላችሁ ትገባላችሁ። ፕራይመሪው ደግሞ ዝግ ነው። በዚህ ምክንያት በግዛቱ ትልቁ ቡድን ፓርቲ የሌለው ሆኗል፤ ያ ትልቅ ቡድን በፓርቲ ፕራይመሪ ድምፅ የለውም። በ2022 ሕዝቡ ይህን ለመቀየር ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ ሕጉ ሁለተኛ ማጽደቅ ስለሚጠይቅ በ2024 እንደገና ቀረበና ወደቀ።

ኒው ዮርክም ዝግ ነው፣ ቀኑም ይጠብቃል። ፓርቲ ለመቀየር እስከ ፌብሩዋሪ 14 መጨረስ ያስፈልጋል፤ ፕራይመሪው ግን ጁን ላይ ነው። በ2025 ዞህራን ማምዳኒ አንድሩ ኩሞን ያሸነፈው በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ነው። በከተማው ፓርቲ የሌላቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዳር ቆመው አዩ። ኩሞ በኖቬምበር በግል ተወዳደረ። የቀድሞ ገዥ፣ ስሙን የማያውቅ የሌለ ሰው፣ ያም ሆኖ ተሸነፈ።

ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። የግዛቱ ሕግ በ2010 ከተቀየረ ወዲህ ለአብዛኛው ወንበር ሁሉም እጩ በአንድ ወረቀት ይወዳደራል፣ ሁለቱ ያልፋሉ። ስለዚህ ፓርቲ ባይኖራችሁም ችግር የለም፤ ለፕሬዚዳንት ፕራይመሪ ብቻ ከሚፈቅድ ፓርቲ ወረቀት መጠየቅ ያስፈልጋል። ወጥመዱ ቅጹ ላይ ነው። በፓርቲዎቹ ዝርዝር ውስጥ «አሜሪካን ኢንዲፔንደንት» የሚል ስም አለ። ነፃ ነኝ ለማለት የፈለገ ሰው ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ፓርቲ ነው፤ በ1968 የዘር መለያየትን ደግፎ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረውን የቀድሞውን የአላባማ ገዥ ጆርጅ ዋላስን ለመደገፍ የተቋቋመ። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2016 ባደረገው ጥናት አብዛኞቹ አባላት ፓርቲ መግባታቸውን እንኳ አያውቁም ነበር። ፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ ሊትል ኢትዮጵያ ያላችሁ ወገኖች፣ መዝገባችሁን ከፍታችሁ እዩት። ፓርቲ አልፈልግም ለማለት የሚሞላው «ኖ ፓርቲ ፕሪፈረንስ» የሚለው ነው።

ስለ ፓርቲ ምዝገባ የሚፈሩ ነገሮች

መዋጮ የለም። ስብሰባ የለም። በፈለጋችሁ ጊዜ ትወጣላችሁ፣ ቀኑን ብቻ ጠብቁ። ባል ዴሞክራት፣ ሚስት ሪፐብሊካን ሆነው አንድ ቤት መኖር ይችላሉ፤ የሚጠይቃቸው የለም።

አንድ እውነተኛ ጉዳይ ግን አለ። በፓርቲ በሚመዘገብባቸው ግዛቶች የፓርቲያችሁ ስም የመንግሥት መዝገብ ላይ ይገኛል፤ እጩዎች፣ ጋዜጠኞች፣ አጥኚዎች ሊያገኙት ይችላሉ። ማንን እንደመረጣችሁ ግን ማንም አያውቅም። ስሙ መታወቁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ነፃ መሆን ለዚያ ይረዳል። የስልክ ጥሪም በፕራይመሪ ሰሞን ይቀንስላችኋል። እነዚህ ሁለቱ ናቸው በዝግ ግዛት ነፃ የመሆን ጥቅሞች። በሌላው ሚዛን ላይ ያለው ድምፅ ነው። ለእኔ አይመጣጠኑም።

ትንሽ ፓርቲ ብንገባስ?

ሊበርቴሪያን ወይም ግሪን መመዝገብ አቋም መግለጫ ነው። በዝግ ግዛት ግን እንደ ነፃው ሁሉ ከትልልቆቹ ፕራይመሪ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ በፓርቲው መርሕ ከልብ ለሚያምን ብቻ ነው የምመክረው።

ለፕሬዚዳንት ሦስተኛ ሰው መምረጥን በተመለከተ ሁለት ታሪክ ይበቃል። በ1992 ሮስ ፔሮ በግል ተወዳድሮ ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አገኘ። አንድም ግዛት አላሸነፈም፣ ፕሬዚዳንቱን ከሚወስኑት፣ ለግዛቶች ከተደለደሉት የኢሌክቶራል ድምፆች አንድም አላገኘም። በ2000 ራልፍ ኔደር በፍሎሪዳ ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ፤ ቡሽ አል ጎርን በዚያ ግዛት ያሸነፉት በ537 ድምፅ ነው። ኔደርን የመረጠ ሁሉ ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የሚያስከትለውን አውቆ መወሰን አለበት። የምትኖሩበት ግዛት ውጤቱ ከወዲሁ የታወቀ ከሆነ የተቃውሞ ድምፅ ብዙ አይጎዳም። ልዩነቱ በሺዎች በሚቆጠርበት ግዛት ግን ሁለት ጊዜ አስቡ። ሜይንና አላስካ በደረጃ መምረጥን ስለሚጠቀሙ እዚያ ስጋቱ ያነሰ ነው።

ያለ ፓርቲ ተወዳድሮ ሴኔት የገባ የለም ወይ? አለ። የቨርሞንቱ በርኒ ሳንደርስና የሜይኑ አንገስ ኪንግ አሉ። ሁለቱም ግን ሴኔት ውስጥ የሚሰለፉት ከዴሞክራቶቹ ጋር ነው፤ የኮሚቴ ወንበር የሚገኘው ወገን ለይቶ ስለሆነ ነው። በአገር ቤትም ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1997ቱ ምርጫ በግል ተወዳድረው ፓርላማ እንደገቡ እናስታውሳለን። ከእነዚህ ሁሉ የማየው ነገር ቢኖር፣ በግል የሚያሸንፈው ወይ ቀድሞ ስሙ የገነነ ሰው ነው፣ ወይ እንደ አርሊንግተኑ አንድ ሕዝብ ያንገሸገሸው ጉዳይ የያዘ ነው።

እንደ ማኅበረሰብ ስናየው

«ሁላችንም ነፃ ብንሆን ሁለቱም ፓርቲ ይለምነናል» የሚል ሐሳብ በየማኅበሩ ይነሳል። ግማሹ እውነት ነው።

ኤችአር 128ን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀው ይህ የውሳኔ ሐሳብ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን ክሪስ ስሚዝ ነበሩ፤ የካሊፎርኒያዋ ዴሞክራት ካረን ባስም ከጎናቸው ነበሩ። ጠንክረው ከገፉት አንዱ የኮሎራዶው ሪፐብሊካን ማይክ ኮፍማን ናቸው። ወረዳቸው ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት ኦሮራ ነበር። በ2016 በዚያ ወረዳ ሂላሪ ክሊንተን አሸንፈዋል። ስለዚህ ኮፍማን ከሌላው ወገን ድምፅ ካላገኙ ወንበራቸው ይሄዳል። የኦሮራ ሐበሻ ድምፅ ክብደት ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኮፍማን ቢሸነፉም፣ በ2019 የኦሮራ ከንቲባ ሆነዋል።

በ2021 ደግሞ በቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ በያዘችው አቋም የተቆጡ ብዙ ወገኖች ከዴሞክራት ወጥተው ያንግኪንን መረጡ፤ አንዳንድ ማኅበራትም ድጋፋቸውን በይፋ ሰጡ። በጉዳዩ ላይ ኢትዮጵያውያን በአንድ ልብ አልነበሩም፣ ሌላውን የመረጡም አሉ። ልዩነቱ ከ60 ሺህ ድምፅ በላይ ስለነበረ እኛ ብቻችንን ወሰንነው የሚለው የተጋነነ ነው። ግን እጩዎች በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ መምጣት እንዳለባቸው ያኔ ገብቷቸዋል።

ከሁለቱ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው። ተገለባባጭ ድምፅ ኃይል የሚኖረው ፉክክር ባለበት ወረዳ በኖቬምበር ነው። ያን ለማድረግ ደግሞ ቅጹ ላይ ነፃ መሆን አያስፈልግም፤ ዴሞክራት ተብሎ የተመዘገበም ሪፐብሊካን መምረጥ ይችላል። ፉክክር በሌለበት ካውንቲ ግን ሁላችንም ነፃ ከሆንን የሚለምነን አይኖርም። እጩው የፕራይመሪ መራጮችን ስም ዝርዝር ይዞ ነው በር የሚያንኳኳው፣ ስማችን እዚያ ውስጥ ከሌለ በራችንን አልፎ ይሄዳል።

ለማን የቱ?

ሁልጊዜ አንዱን ፓርቲ የምትመርጡ ከሆነና ግዛታችሁ ዝግ ከሆነ፣ ተመዝገቡ። የምታጡት የለም።

አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የምትመርጡ ከሆነና ኮሎራዶ፣ ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ ወይም ሌላ ክፍት ግዛት ካላችሁ፣ ነፃ ሁኑ። ዝግ ግዛት ካላችሁ በካውንቲው ወሳኙን ፓርቲ ያዙ፤ በኖቬምበር እንደ ልባችሁ።

ሁለቱንም ፓርቲ ጠልታችሁ ጭራሽ መምረጥ የተዋችሁ ካላችሁ፣ ፕሬዚዳንቱን ለጊዜው ተዉት። ከትምህርት ቦርዱ ጀምሩ። የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የሚመለከት ነው፤ በብዙ ቦታም እጩዎቹ ወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም አይጻፍላቸውም፣ ጥቂት ሰው ስለሚመርጥ የእናንተ ድምፅ ይከብዳል።

ሁላችሁም ስልካችሁን አውጥታችሁ በግዛታችሁ የምርጫ ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁን ፈልጉ። ፓርቲ በሚለው ሥር ምን እንደተጻፈ እዩ። ብዙ ሰው ከዓመታት በፊት መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የሞላውን አያስታውስም። የፕራይመሪውን ቀንና የፓርቲ መቀየሪያውን የመጨረሻ ቀን እዚያው ጻፉት። ዲሲ ያላችሁ በአማርኛ መረጃና አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ለከተማው መሥሪያ ቤቶች ያስገድዳል።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን ከዚህ ሁሉ ምንም አትሙሉ። መንጃ ፈቃድ ቢሮ ውስጥ «ለመምረጥ መመዝገብ ይፈልጋሉ?» ሲባል በችኮላ አዎ ያለ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ እንደፈረመ ሊቆጠርበት ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውም ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። በስሕተት የተመዘገበ ካለ ድምፅ እንዳይሰጥ፣ ማመልከቻውንም ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።